ከብቶቹ ሳይመሽ ይግቡ

ስልኩ የተደወለው ስቶክሆልም ዳርቻ፣ ቴንስታ በምሠራበት ትምህርት ቤት ወጥ ቤት የልጆቹን ምሳ አቅርቤ ድስት እያጠብኩ ሳለ ነው። የደወለችው ጋሽ በላቸው የነበሩበት የአረጋውያን ቤት ነርስ ናት። በመዝገባቸው ላይ "የቅርብ ዘመድ" በሚለው ቦታ የተጻፈው የኔ ስም ነበር። ዘመዳቸው አይደለሁም፤ የሚጻፍ ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው። "ዛሬ ጠዋት በእንቅልፋቸው አረፉ" አለችኝ። እኛ ዘንድ መርዶ ወግ አለው። ሰው ይሰበሰባል፣ ማልዶ ይመጣል፣ የሐዘንተኛውን እጅ የሚይዝ አይጠፋም። እኔ ግን እጄ አረፋ እንደሆነ፣ ቆሜ ሰማሁት።

ነርሷ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ቀስ ብላ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። "ላለፉት ሦስት ሳምንታት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣራታቸውን ትተው ነበር። መድኃኒታቸውን አልቀየርንም። ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

አውቃለሁ። ግን እዚያ ድስት አጠገብ ቆሜ በስዊድንኛ ከየት ልጀምርላት? "አላውቅም" ብዬ ዋሸኋት። ጌታ ይቅር ይበለኝ። ለሷ ያልመለስኩትን ነው አሁን፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የምጽፈው።

ጋሽ በላቸው ስዊድን መጀመሪያ የመጡት በጃንሆይ ጊዜ፣ በተማሪነት ነው። የከብት እርባታ ተምረው አገራቸው ተመለሱና በቦረና ቆላ የአንድ ትልቅ ራንች ኃላፊ ሆኑ። ዘመኑ ሲከፋ እንደገና ተሰደዱ። ሁለተኛው መምጣት ግን እንደ መጀመሪያው አይሆንም። ያን ሁሉ ትምህርት ይዘው ዮርድብሩ በሚባል ሰፈር የቀዘቀዘ ሥጋ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲደረድሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። "ነፍስ ያለውን በማርባት ጀመርኩ፣ የታሸገውን በመደርደር ጨረስኩ" ይሉ ነበር፣ ፊታቸው ላይ ፈገግታ ሳይታይ። ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው። ስፖንጋ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ቤት ነበረቻቸው።

እኔ በዚያን ጊዜ የቤተ ክርስቲያናችን የልጆች ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስፖንጋ በተከራየነው አዳራሽ ልጆቹን ሰብስበን ፊደልና የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ እናስተምራለን። እናስተምራለን ነው እንግዲህ! በአማርኛ ጠይቄ በስዊድንኛ ነው የሚመለስልኝ። የኔዋ ሊዲያ ደግሞ የባሰባት ነበረች። ሁሉን ትሰማለች፣ አንዲት ቃል አትመልስም። "ውሃ ስጪኝ" ስላት ውሃውን ታመጣልኛለች፣ "እንኪ" የምትለኝ ግን በስዊድንኛ ነው። የሰው ልጅ የማስተምር እኔ፣ የራሴ ልጅ በቋንቋዬ አታናግረኝም። እፍረቱን ለሰው አልናገረውም እንጂ ያንገበግበኝ ነበር።

ጋሽ በላቸው አንድ ቀን ባርኔጣቸውን ይዘው ከኋላ መጥተው ተቀመጡ። "የእናንተ እምነት ተከታይ አይደለሁም። ማሞቂያው ጥሩ ነው፣ ልጆቹም ደስ አሉኝ" አሉኝ። በሦስተኛው ቅዳሜ ልጆቹ በጣም ሲያስቸግሩኝ ተነሡና በሩ ላይ ቆሙ። ሁሉንም ወደ ውጭ አስወጧቸው። ከዚያ አንድ እጃቸውን እንደ መዝጊያ ዘርግተው አንድ በአንድ አስገቧቸው፣ እያንዳንዱን ልጅ አናቱን ነካ እያደረጉ። "አንድ። ሁለት። ቀስ፣ አትጋፋ። ሦስት።" ያ ሁሉ ግርግር ጸጥ አለ። በኋላ ስጠይቃቸው፣ በራንቹ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ከብቱን በበረቱ በር የሚያስገቡት እንደዚያ እንደሆነ ነገሩኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይቆጠር የገባ ልጅ የለም።

በዚያው ዕለት ልጆቹ እንደተቀመጡ "ተረት ተረት!" አሉ።

ልጆቹ ዝም። ከቤታቸው ሰምተውት አያውቁማ።

"'የላም በረት' በሉ እንጂ! በረቱ ካልተከፈተ እኔ ላሞቼን የት ላግባ?"

"የላም በረት!" ብለው ጮሁ። የጀመሩት ያኔ ነው።

ተረታቸው የቀበሮና የጅብ አልነበረም። ስለዚያ ራንች ነበር። አሥራ አንድ ተረት ነበራቸው፣ እያንዳንዱም የአንድ ከብት ታሪክ ነው። ልጆቹ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት የግራዝማችን ነበር። ግራዝማች ኮርማ ነው። ሲራመድ ከኋላው አጃቢ ያለው ስለሚመስል ስሙን ሠራተኞቹ አወጡለት። በየሦስት ሳምንቱ ከብቱ ሁሉ የመዥገር መድኃኒት የተሞላ ገንዳ ውስጥ ዘልሎ፣ ዋኝቶ በወዲያኛው ይወጣል። ግራዝማች ግን ገንዳው አፋፍ ላይ ይቆማል። መንገዱ ጠባብ ነው፣ እሱ ከቆመ ከኋላው ሁለት መቶ ከብት ይቆማል። ቢጎትቱት፣ ቢገፉት እንቢ! በመጨረሻ ቦሩ የሚባል ሽማግሌ እረኛ ጥምጥሙን አውልቆ ጎንበስ አለና፣ "ግራዝማች፣ እባክዎ ይለፉ" አለው። ኮርማው ጆሮውን አንዴ አራገበ። ዘሎ ገባ!

"ከዚያ ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪ መጣ" ይላሉ ጋሽ በላቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ጥቁር ሱፍ ለብሷል። ጫማው ፊት ያሳያል። 'ከብት አንቱ ይባላል እንዴ? ይሄ ነው የናንተ ሥራ?' ብሎ ተቆጣና በያዘው ፋይል ግራዝማችን ቂጡን ጠፍ አደረገው። ግራዝማች ቀስ ብሎ ዞረ። ዝም ብሎ አየው። አንድ እርምጃ ወደሱ መጣ። ተቆጣጣሪው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። ግራዝማች አንድ ደግሞ። ተቆጣጣሪው አንድ ደግሞ..."

ይሄኔ ልጆቹ አፋቸውን ይዘዋል።

"ቦጭ! ከነሱፉ፣ ከነፋይሉ! ዋኝቶ በወዲያኛው ከላሞቹ ጋር ተሰልፎ ወጣ። ቦሩ ምን አለ መሰላችሁ? 'ደግ ሆነ። እኚህም ሰውዬ ለሦስት ሳምንት መዥገር አይነካቸውም።'"

ልጆቹ መሬት ላይ ይንከባለሉ ነበር። ጋሽ በላቸው ግን አይስቁም። ከኪሳቸው ሰዓት እያወጡ ይመለከቱ እንደነበር እንኳ ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

ታዲያ ደንብ ነበራቸው። የዱሮ ሰው ተረቱን ሲጨርስ "ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ" ይላል አይደል? እኛ ለወጉ ነው የምንለው፣ እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር። በራንቹ ማለዳ ለእያንዳንዱ እረኛ የሚጠብቀው ከብት ይሰጠዋል፣ ሲመሽ መልሶ ያስረክባል። በዚያው ሥርዓት ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ተረት ሰጡ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጁ ተነሥቶ፣ በአማርኛ፣ ሳያጎድል ይመልሳል። የመለሰ፣ ጋሽ በላቸው ጠዋት ገዝተው የሚያመጡት ትኩስ ዳቦ ይቆረስለታል።

ግራዝማች ለሊዲያ ደረሳት። በሳምንቱ ተነሥታ ጥርት ባለ ስዊድንኛ አንዲት ሳታስቀር ተረከችው። ልጆቹ ሳቁ፣ አጨበጨቡ። ጋሽ በላቸው በትዕግሥት ሰምተው ጨረሱና፣ "ጎበዝ። ወፍራም ናት፣ ታምራለች። ግን ይቺ የጎረቤት ላም ናት፣ የኔ አይደለችም። የኔን ፈልጊና አምጪልኝ" አሏት። ልጄ ቀላች። ዳቦውን ግን ቆረሱላት። "ይሄ የስንቅ ነው፣ ፍለጋ ስለምትሄጂ" ብለው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

አንዳንድ ወላጆች ማጉረምረም ጀመሩ። ልጆቹ ጥቅስ ሲጠየቁ ስለ መዥገር ያወራሉ አሉ። አንዲት እናትማ፣ "እኛ እዚህ ድረስ የመጣነው ልጆቻችን ሐኪም እንዲሆኑ ነው እንጂ እረኛ እንዲሆኑ ነው እንዴ?" አለችኝ በሰው ፊት። መልስ አላጣሁም ነበር። ግን ኃላፊነቴን ወደድኩ፣ ሰው እንዳይቀየመኝ ፈራሁ። ደግሞ ፊት ለፊት እንኳ አልነገርኳቸውም! የመንፈቁን መርሐ ግብር ጻፍኩና የጋሽ በላቸውን ስም ሳላስገባ በር ላይ ለጠፍኩት።

ቅዳሜ መጡ። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። እንደገና አነበቡት። ዞር ሲሉ አዩኝና፣ "ደግ" አሉ። ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከኋላ ተቀመጡ።

ያን ክረምት በሙሉ እንደዚያ መጥተው ሲቀመጡ ከረሙ። ቢቀሩ ይሻለኝ ነበር። ሊዲያ መኪና ውስጥ፣ "ጋሼ ለምንድነው የማይናገሩት?" ብላ ጠየቀችኝ፣ በስዊድንኛ። "ደክሟቸው ነው" አልኳት። እንግዲህ ለልጅ ውሸት ማስተማር እንዲህ ነው።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ስፖንጋ የባቡር ጣቢያ አገኘኋቸው። አግዳሚው ላይ ዳቦ ይዘው ተቀምጠዋል። ባቡር ይመጣል፣ ይሄዳል፣ እሳቸው አይነሡም።

"ጋሽ በላቸው፣ ወዴት ነዎት?"

"ወደ ልጆቹ። ዛሬ ቅዳሜ አይደል?"

ማክሰኞ ነበር። አዳራሹ ከጣቢያው አምስት ደቂቃ በእግር ነው። ክንዳቸውን ይዤ ቤታቸው አደረስኳቸው። በራቸውን ለመክፈት ቁልፉን በግራም በቀኝም አገላበጡት፣ በመጨረሻ ለኔ ሰጡኝ።

ጠረጴዛቸው ላይ ሁለት ወረቀት ነበር። አንዱ ከሆስፒታል የመጣ የቀጠሮ ደብዳቤ ነው። የማስታወስ ችግር ያለባቸውን ከሚያይ ሐኪም። ሁለተኛው በራሳቸው እጅ የተጻፈ፣ የአሥራ አንዱ ከብት ስም በተርታ ያለበት። ከስሙ ጎን ተረቱን የመለሰው ልጅ ስም አለ። ከአምስቱ ጎን ግን ባዶ ነው፣ ሊዲያ በአማርኛ ካልመለሰችው ከግራዝማች ጎን ጭምር።

"ሐኪሙ ከነገረኝ ዓመት ሊሞላ ነው" አሉኝ፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠው። "መጀመሪያ የሚሄደው የቅርቡ ነው፣ ቀጥሎ የሩቁ አለኝ። እኔ ደግሞ ያለኝ የሩቁ ብቻ ነው። እንግዲህ ከብቶቹ ሳይመሽ ይግቡ ብዬ ነበር። አምስቱ ቀሩ።"

መሬቱ ተከፍቶ በዋጠኝ! ዓመት ሙሉ ሰዓታቸውን የሚመለከቱት ለካ ለዚህ ነው። እኔ ያንን ክረምት በሙሉ ከእጃቸው ነጠቅኳቸው፣ አንዲት አፏን የከፈተች ሴት ፈርቼ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የኔ ደግሞ የአፍ እንኳ አይደለም፣ በወረቀት ነበር። እግራቸው ላይ ወደቅኩ።

"ተነሺ ልጄ፣ ተነሺ" አሉኝ ትከሻዬን ይዘው። "ይልቅ ቅዳሜ መቼ እንደሆነ ንገሪኝ።"

ያን ወረቀት ከበሩ ላይ በገዛ እጄ ቀደድኩት። ለወላጆቹም ቆሜ ተናገርኩ። የተቀየመ ተቀየመ፣ ሁለት ልጆች ቀሩብን። ጋሽ በላቸው በጸደይና በበጋ አራቱን ተረት አስረከቡ። አንዳንዴ መሐል ላይ ይቆማሉ፣ ስም ይጠፋቸዋል። ያኔ ልጆቹ ይሞሉላቸዋል። ሲሳሳቱ ግን አንድም ልጅ አልሳቀም። ማንም አልመከራቸው፣ ከየት እንዳመጡት አላውቅም።

የቀረው የግራዝማች መጨረሻ ነበር። እሱን ለሊዲያ ብቻ ነገሯት፣ ነሐሴ ላይ፣ አዳራሹ ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን። እኔ ነበርኩ አጠገባቸው።

ያ ክፉ ዘመን ሲመጣ የራንቹ ሠራተኛ ተበተነ። ነዳጅ ጠፍቶ የውሃው ሞተር ቆመ። ከብቱ በበረት ውስጥ በጥም ሊያልቅ ሆነ። ጋሽ በላቸው በሩን ከፈቱት፣ ውሃ ይፈልጉ ብለው። ከብቱ ሁሉ ወጣ። ግራዝማች ግን በሩ ላይ ቆመ። የሚወስዳቸው መኪና ከኋላ ይጮኻል። እሳቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ጎንበስ አሉና፣ "ግራዝማች፣ እባክዎ ይለፉ" አሉ። አለፈ።

"በሩን ሳልዘጋው መጣሁ" አሉ ጋሽ በላቸው። "እስከ ዛሬ ክፍት ነው።"

ሊዲያ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ ይሄን መመለስ አልፈልግም፣ ያሳዝናል አለች በስዊድንኛ። እሳቸው አልተቆጡም። "ካልሆነልሽ አንቺው ዘንድ ትቆይ" አሏት።

በዓመቱ ብቻቸውን መኖር አቃታቸውና አረጋውያን ቤት ገቡ። ስዊድንኛው ተጠርጎ ሄደ። ያ ሁሉ ትምህርት፣ ያ ሁሉ ዘመን፣ "አመሰግናለሁ" እንኳ አልቀረም። በሁለተኛው ክረምት ደግሞ መጣራት ጀመሩ። እዚህ አገር በታኅሣሥ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጨልማል። መስኮቱ ሲጠቁር ብድግ ይላሉ፣ በሩን ያንኳኳሉ። "መሸ! ከብቶቹ አልገቡም! ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ከብቶቹ ውጭ ናቸው!" ሠራተኞቹ ደጎች ነበሩ፣ ግን ምን ይበሉ? መጋረጃ ይዘጋሉ፣ እጃቸውን ይይዛሉ፣ የሚያረጋጋ መድኃኒት ይሰጣሉ። እኔም በቅዳሜው ሄጄ፣ "ገብተዋል ጋሽዬ" ብዬ አባበልኳቸው። ፊቴን አፍጥጠው አዩኝና፣ "ስንት?" አሉኝ።

ልጆቹን የሰበሰብኩት ያኔ ነው። አድገዋል፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሦስት ዓመት የሞላቸው ነበሩ። ሁሉም አልመጡም። ስምንቱ መጡ፣ የቀሩትን ሁለት ከብቶች ያልመጡት ልጆች ወንድምና እህት አጥንተው ያዙላቸው። በየቅዳሜው ሦስት አራት እያልን፣ ከጨለመ በኋላ አጠገባቸው ተቀምጠው ተረታቸውን መለሱ። አማርኛው ይሰበራል፣ ሴቱን ወንድ ይሉታል። ጋሽ በላቸው ተረቱ የራሳቸው መሆኑን አያውቁም። ይሰማሉ፣ ያልቃል፣ የልጁን አናት ነካ ያደርጋሉ። "አንድ።" በሚቀጥለው ቅዳሜ ስማችንን ረስተው ቁጥሩን አይረሱም። እንዲህ እንዲህ አሥር ገቡ።

ሊዲያ እስከዚያ ድረስ አብራኝ አልመጣችም ነበር። ስጠይቃት ክፍሏን ትዘጋለች። ያን ሳምንት ዓርብ ማታ፣ ራት ላይ፣ "እማዬ፣ ነገ እኔም እሄዳለሁ" አለችኝ። በአማርኛ። ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። እንዳትደነግጥብኝ ወጥ ጨመርኩላት።

ስንደርስ ጨልሞ ነበር። ጋሽ በላቸው መስኮቱ አጠገብ ቆመዋል፣ ባርኔጣቸው በእጃቸው። "አንዱ ቀርቷል" ይላሉ። "አንዱ ቀርቷል።"

ሊዲያ አልተቀመጠችም። በሩ ላይ ቆመች።

"ጋሼ" አለች። "ግራዝማች መጥተዋል።"

ዞር አሉ። "ማን አመጣቸው?"

"እኔ።"

"አንቺ ማነሽ?"

ልጄ ዓይኗን ወደኔ ጣል አድርጋ መለሰችላቸው። "እረኛቸው ነኝ።"

"ውሃ አግኝተዋል?"

"አግኝተዋል። ብዙ ጠጥተዋል። ሩቅ ስለሆነ ነው... የቆዩት።"

ይሄ በተረቱ ውስጥ የለም። ጋሽ በላቸውም ፈጽሞ አልነገሯትም። ግን ማን ነው ውሸት ነው የሚላት? ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ወገባቸው እስኪፈቅድ ድረስ ጎንበስ አሉ።

"ግራዝማች፣ እባክዎ ይለፉ" አሉ።

ሊዲያ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ጠበቀች። አንድ ትልቅ ኮርማ ሳይቸኩል የሚያልፍበትን ያህል ጊዜ ጠበቀች። ኮሪደሩ ላይ ነርሷ ትሪ ይዛ ቆማ ነበር፣ ምን እንደሆነ ባታውቅም አልተንቀሳቀሰችም። ጋሽ በላቸው እጃቸውን አንሥተው አየሩን ነካ አደረጉ።

"አሥራ አንድ" አሉ። ከዚያም ኪሳቸውን ዳበሱ። ዳቦ ነበር የሚፈልጉት። እዚያ ውስጥ የነበረው ከቡና ሰዓት የተረፈ ብስኩት ነው፣ እሱኑ ለሁለት ቆርሰው ግማሹን ሰጧት።

አልጋቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። መስኮቱ ጥቁር ነበር። ሊዲያን አዩዋት።

"እንግዲህ በሩን ዝጊው" አሏት።

ልጄ በሩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ድምፅ እንዳያሰማ አድርጋ፣ ዘጋችው።